ለመርፌ የሚሆን ሥጋ

ስብሰባ ላይ ጥያቄ አትጠይቁ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የሚቸኩል አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። ስብሰባ ላይ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሳይሆን ሥራ ነው። «ይሄ አምፖል ለምን አይበራም?» ያለ ሰው አምፖል እንዲገዛ ይታዘዛል። «ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?» ያለ የሻይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ይወጣል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ አንድ ነገር ሳይገባኝ ካለፈ ምሳ አይበላልኝም። እናቴ በልጅነቴ የግድግዳ ሰዓቷን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ካገኘችኝ ቀን ጀምሮ ተስፋ ቆርጣብኛለች።

ሐኪም ነኝ። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ሁዳዴ ለድንገተኛና ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞች የአልትራሳውንድ ሥልጠና መጣልን። አልትራሳውንድ ሲባል እርጉዝ ሴት ብቻ ትዝ የምትላችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፣ እኔም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም ነበር። አሁን ግን መሣሪያው አንሶ አንሶ ጋውን ኪስ ውስጥ የሚገባ ሆኗል። መኪና የገጨው ሰው ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ችግሩ ከሳንባው ይሁን ከልቡ፣ ደም ሥሩ የጠፋበት ሰው ደም ሥሩ የት እንደተደበቀ፣ ሐኪሙ እዚያው አልጋው ሥር ቆሞ ያያል። በሽተኛው ወደ መሣሪያው መሄዱ ቀርቶ መሣሪያው ወደ በሽተኛው ይመጣል።

አሠልጣኛችን ዶክተር ቤዛ ትባላለች። የዛሬ ስንት ዓመት እኔ ሥር ተለማማጅ ሐኪም ነበረች፤ የልብ ማዳመጫ ጆሮ ላይ በየት በኩል ዞሮ እንደሚገባ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሁን እሷ አሠልጣኝ፣ እኔ ተማሪ። ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚንሸራተተውን ዕቃ፣ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ዶክተር፣ እጅዎን ያሳርፉ» ትለኛለች በትሕትና። እጄን አሳርፋለሁ። ስክሪኑን አያለሁ። የማየው ዝናብ ነው፤ የድሮ ቴሌቪዥን አንቴናው ሲዞር ያዘንበው የነበረውን ዝናብ። ከእኔ ወዲህ የተወለዱት ሐኪሞች «ይኸው ጉበቱ! ይኸው ኩላሊቱ!» ሲሉ እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ «አዎ፣ ግሩም ነው» እላለሁ። ሠርግ ላይ የማላውቀውን ቋንቋ ዘፈን እንደማጨበጭብ ማለት ነው።

ለማየት የቸኮልኩት ግን ለማዕረግ አልነበረም። እቤቴ አማቴ አሉ።

አማቴ እማማ ይርገዱ ይባላሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ አየር ጤና ካለው ቤታችን ከእኔና ከባለቤቴ ከፀዳለ ጋር ይኖራሉ። ከጥምቀት ወዲህ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከበረንዳው እስከ ውሃው ቧንቧ ደርሰው ሲመለሱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ትራስ ደራርበው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያንቀላፉት። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባም ብሏል። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላቸው «ሐኪም እቤቴ አለ አይደል?» ይላሉ። «እሺ፣ እኔ ልይዎት» ስላቸው ደግሞ ቀሚሱም፣ ሹራቡም፣ ነጠላውም አይወልቅም። በዚያ ሁሉ ላይ ማዳመጫዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። «ምን ይላል?» ይሉኛል። ጥጥ ነው ይላል ማለት ያምረኛል።

ሐኪም ቤት የማይሄዱበት ምክንያት አንድ ነው። «ጾም ፍቺ ይሉኛል» ነው የሚሉት። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ባፋቸው አይዞርም። ፋሲካን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ካለው ልጃቸው ጋር ለመዋል ወስነዋል። ያን ሁሉ መንገድ፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ በዚያ ትንፋሽ! ፈራሁ። ከመሄዳቸው በፊት ልባቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ፈለግሁ። መሣሪያው አንድ ስለሆነ ከሆስፒታሉ ግቢ አይወጣም፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ ግቢ አይገቡም።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ቤዛ የሥጋውን ነገር ያነሣችው።

«ነገ መርፌን በአልትራሳውንድ እየተከታተልን ደም ሥር ማግኘት እንለማመዳለን» አለችን። «መጀመሪያውኑ ሰው ላይ አንለማመድም። ስለዚህ ሥጋ ያስፈልገናል።»

በሁዳዴ ሥጋ! አንዱ ጣሪያውን ማየት ጀመረ፣ አንዱ ስልኩን። ከመካከላችን የማይጾመው ፕሮቴስታንቱ ዶክተር ኢዮብ ብቻ ነው፤ ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«እኔ ባልጾምም አከራዬ ትጾማለች» አለ ኢዮብ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ። «ሥጋ ይዤ ግቢዋ ብገባ ፍራሼን ውጭ ነው የማገኘው። ፊኛውን ግን እኔ ላምጣ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «ሥጋ ለምን?» አልኩ። «ፊኛስ?»

ቤዛ ፊቷ በራ። «ጥሩ ጥያቄ ነው ዶክተር! አጥንት የሌለው ወፍራም ሥጋ ነው የምንፈልገው። ሆዱን ቀደድ አድርገን ውሃ የተሞላ ረጅም ፊኛ እንከትበታለን። ስክሪኑ ላይ ሥጋው የሰው ክንድ፣ ፊኛው ደም ሥር ይመስላል። መርፌያችንን እያየን እሱን እንወጋለን።» ከዚያ ፈገግ አለች። «እርስዎ ያምጡልን እንግዲህ።»

ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ወረድኩ። እኔ የማውቃቸው ሥጋ ቤቶች ከቅበላ ጀምሮ መጋረጃቸውን ጥለዋል፤ አንደኛው እንዲያውም ለጊዜው ጁስ ቤት ሆኗል። ክፍት ያገኘሁት የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። አማቴ በፍስክም ቢሆን ከዚያ የተገዛ ሥጋ አያስገቡም፤ ወግ ነው፣ እኔም በደጁ ሳልፍ ኖርኩ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ግራ ቀኝ አይቼ ገባሁ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያገኘኝ ጾም ልገድፍ እንጂ ሳይንስ ላሳድግ የገባሁ አልመስልም ነበር።

ባለቤቱ ሸምሱ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ቢላውን እየሞረደ፣ «ለጥብስ ነው ለወጥ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ለመርፌ ነው።»

ሞረዱ ቆመ። «ለምን?»

«ለመርፌ። ሐኪሞች ነን። ልንወጋው ነው።»

ሸምሱ ሥጋውን አየ፤ እኔን አየ፤ ተመልሶ ሥጋውን አየ። ከዚያ ተንጠራርቶ የቄራውን ማኅተም አሳየኝ። «ጋሼ፣ የኔ ሥጋ ጤነኛ ነው። ምንም መርፌ አያስፈልገውም።»

«ታሟል አላልኩም። ልንማርበት ነው። ፊኛ እንከትበታለን።»

የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቢላውን አስቀምጦ በክርኑ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «የምን ፊኛ? ረጅሙን ነው ክቡን?» አለ። ወዲያው ወደድኩት። ስለ ደም ሥር፣ ስለ ድምፅ ሞገድ፣ ስለ ዝናቡም ሳይቀር ነገርኩት። ከኋላዬ የቆሙ ደንበኞችም ሰልፉን ረስተው ከበቡን። በመጨረሻ ሸምሱ በአውራ ጣቱ እየጫነ ከታፋ በኩል ወፍራሙን መረጠልኝ። «ሲድን ንገሩኝ» ብሎ ሸኘኝ።

በመጀመሪያ ሥጋውን ሆስፒታል ለማሳደር ሞከርኩ። የክትባት ፍሪጅ ኃላፊዋ ነርስ ፌስታሉን ከፍታ አይታ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ወደ ቤት። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጥቁሩን ፌስታል ጉልበቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ፌስታሉ ማንጠባጠብ ጀመረ። «አባት፣ ዶሮ ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ ታክሲው ሁሉ እስኪሰማ። ከጎኔ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ወደ መስኮቱ ጥግት አሉ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ «ለሥልጠና ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየኝም፤ ማየቱን ሁሉም በአንድ ላይ ተወው።

እቤት ስደርስ አማቴ ጸሎት ላይ ነበሩ። ፍሪጃችን ሁዳዴ ሲገባ በሳሙና ታጥቦ የጾም ፍሪጅ ሆኗል። ሥጋውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጋዜጣውን በጋውኔ ጠቅልዬ፣ ከታች ከአትክልቱ መሳቢያ ውስጥ ከጥቅል ጎመኑ ሥር ቀበርኩት። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የቀዶ ጥገና ክፍልም የለም።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ይርገዱ ሎሚ ሊያወጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ የረጋ፣ በጣም የረጋ ድምፅ።

«ፀዳለ፣ ይሄ ጎመን ደም አለው።»

ፀዳለ ሮጣ ሄደች። እኔም ሄድኩ፤ የት እሸሻለሁ? ባለቤቴ ጋውኑን ዘርግታ ስታየው ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ለትምህርት ነው» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ!»

«እውነቴን ነው! ሐኪሞቹ መርፌ ሊለማመዱበት ነው።»

«ያገባሁህ ጊዜ እንኳ የተሻለ ትዋሽ ነበር» አለች ፀዳለ።

እማማ ይርገዱ እጃቸውን ታጥበው፣ ደግመው ታጥበው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በደህናው ቀን «አንተ ዶክተር» ነው የሚሉኝ። ሲቀየሙኝ ግን አንቱ ይሉኛል፤ ያ አንቱታ ከስድብ ይከፋል።

«ዶክተር፣ የት ነው የገዙት?» አሉ።

አማት ፊት ይዋሻል እንዴ? «ኮልፌ፣ ሸምሱ የሚባል ልጅ ቤት» አልኩ። አማተቡ። ስለ ሸምሱ ጨዋነት ልነግራቸው ስጀምር ፀዳለ በዓይኗ አስቆመችኝ።

«ጓዜን አውጪልኝ ልጄ» አሉ። «ሳምንት ያልኩትን ትቼዋለሁ። ነገ እሄዳለሁ። በዚህ ቤት ውሃም አልቀምስ።»

ፍርሃቴን አሁን ተረዱልኝ። ሥጋው ገደል ይግባ! ሴትዮዋ በዚያ ትንፋሽ ነገ መንገድ ሊወጡ ነው፤ ያስወጣቸው ደግሞ በሽታቸውን አገኝ ብዬ የምማረው ትምህርት ነው። ለመንኳቸው። የቤዛን ንግግር እንዳለ አነበነብኩላቸው፤ መርፌውን፣ ደም ሥሩን፣ ፊኛውን።

«ፊኛ?» አሉ እማማ ይርገዱ።

እዚህ ላይ አማቴን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ሰፈራችን ለኢንተርኔት ገመድ ሲቆፈር ወንበር አስወጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ የዋሉ ሴት ናቸው። ቆፋሪዎቹ የማይመልሱት ጥያቄ ሲበዛባቸው አለቃቸውን አስጠርተውላቸዋል። የማያውቁት ሰው ቀብር ሲያልፍ ማን እንደሆነ ለማወቅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኝተው የተመለሱበት ጊዜ አለ። እኔና እሳቸው በአንድ ነገር እንመሳሰላለን፣ ያልገባን ነገር አያስቀምጠንም። ፊኛ ሲባል ዓይናቸው ውስጥ ያችን የማውቃትን ነገር አየሁ።

«የልጆች ፊኛ?»

«የልጆች ፊኛ።»

«ሥጋ ውስጥ ገብቶ እንዴት ይታያል? ዓይናችሁ ይበሳል?»

«በመሣሪያ ነው። ስክሪን ላይ ይታያል።»

ሎሚያቸውን አገላበጡ። «ነገ አብሬዎት እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ፊኛውን በዓይኔ ካየሁ አየሁ። ካልሆነ ከዚያው ወጥቼ ጦር ኃይሎች የእህቴ ልጅ ዘንድ አድራለሁ፤ በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ጓዜንም ይዤ ነው የምወጣው።»

በማግሥቱ ጠዋት ከቤታችን የወጣውን ሰልፍ ያየ ሰው አይረሳውም። በግራ እጄ ሥጋውን፣ በቀኝ እጄ የአማቴን ጓዝ ይዣለሁ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ ስለታዘዝኩ ክንዶቼን እንደ መስቀል ዘርግቻለሁ። እሳቸው ዘወር ብለው፣ እንደማያውቁኝ ሰው ከኋላዬ ይከተላሉ። ታክሲ ውስጥ ሥጋው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አጥሩን ይዘው ቆሙ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ደረታቸው ይወጣል ይወርዳል። እጄን ልሰጣቸው አልኩ፣ ሥጋ የያዘውን ነው ብለው እምቢ አሉኝ። ስንት ወር ለምኜ እምቢ ያሉኝ ሴት ሥጋ ሊጠብቁ በገዛ እግራቸው ሆስፒታል ገቡ። እንዳይነቁብኝ ብዬ ጮክ ብዬ እንኳ አልተነፈስኩም።

«አማቴ ናቸው» አልኩ አዳራሹ ውስጥ። «ሥጋው እንዳይበላ ነው የመጡት።»

ቤዛ ብልህ ናት፤ አልሳቀችም። ለእማማ ይርገዱ ከሥጋው ፊት ለፊት ወንበር አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም ጓዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ሥጋው ላይ ተከሉ።

ሥራው ተጀመረ። ኢዮብ ፊኛውን ቀይ ውሃ ሞልቶ አምጥቷል። ሥጋው ውስጥ ተከተተ፣ ጄል ተቀባ፣ ፕሮቡ ተቀመጠበት። ስክሪኑ ላይ ከግራጫው መሐል ጥቁር ክብ ነገር ብቅ አለ። «ይኸው ደም ሥራችን» አለች ቤዛ። አማቴ ከወንበራቸው ትንሽ ተነሡ። ወጣቶቹ በየተራ ወጉ፤ መርፌው ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር እየታየ ወርዶ ጥቁሩን ክብ ነክቶ ይቆማል። አማቴ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። እንደገና ሳብ አደረጉ። የኔ ተራ ሲደርስ ትከሻዬ ላይ ነበሩ።

«ዶክተር፣ እጅዎን ያሳርፉ» አለች ቤዛ።

አላረፈም። መርፌዬ በፊኛው በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ስስበው ቀዩ ውሃ እንደ ቧንቧ ተፈናጠረና የእማማ ይርገዱን ነጭ ነጠላ ከላይ እስከ ታች አቀላው። አዳራሹ ደነገጠ። ኢዮብ ጮኸ፦ «ቀይ ሥር ነው! እማማ፣ የቀይ ሥር ውሃ ነው! የጾም ነው!»

አማቴ ነጠላቸውን አሸተቱ። በጣታቸው ጫፍ አሹት። «ቀይ ሥር ነው» ብለው አረጋገጡ። እኔ የምገባበት ጉድጓድ ስፈልግ እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለዋል። «ክቡ የት ሄደ?»

«ውሃው ሲወጣ ፊኛው ተጣበቀ፣ እማማ» አለች ቤዛ።

«ይሄ ነገር ሰውም ያያል?»

«ያያል።»

«ልብንስ?»

«ልብንም ያያል። ማየት ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ» አሉ አማቴ፤ ቀጥሎም አገጫቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ «የእሳቸውን» አሉ።

ምን ይደረግ፤ ሸሚዜን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ተጋደመ። ባልደረቦቼ ወደ ግድግዳው ዞረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጄሉ ቀዝቃዛ ስለነበር የጮኽኩት ጩኸትም ለሐኪም የሚገባ አልነበረም። ከዚያ ግን እማማ ይርገዱ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ስክሪኑ ላይ ልቤ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ያለማቋረጥ እንዲህ ነው?»

«ያለማቋረጥ» አለች ቤዛ።

«ሲተኛም?»

«ሲተኛም።»

«ሲዋሽስ ይለያል?»

«እሱን አያሳይም፣ እማማ።»

«ጎደሎ ነው እንግዲያ» አሉ። ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቆይተው እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ገዛ ደረታቸው ሲሄድ አየሁት። «የኔም እንዲህ ያደርግ ይሆን?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ወንድ ሁሉ ውጣ ተባለ። አንሶላ ተጋረደ። ያ ቀሚስ፣ ያ ሹራብ፣ ያ ነጠላ፣ ስንት ጊዜ የለመንኩት ሁሉ፣ ለማወቅ ሲባል ወለቀ። እኔ ሸሚዜን አዛንፌ ቆልፌ ከአንሶላው ውጭ ቆምኩ። ቤዛ ሁልጊዜ እያወራች ነው የምትሠራው፤ መጀመሪያ ስታወራ ሰማኋት። ከዚያ ማውራቷን አቆመች።

«ዶክተር፣ ይግቡ። እማማ ፈቅደዋል።»

አማቴ ቁጭ እንዳሉ ትራስ ተደግፈዋል፤ ቀይ የተረጨው ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነው። ቤዛ ፕሮቡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ምን ይታይዎታል?» አለችኝ፤ የአሠልጣኝ ድምፅ ነው፣ ዓይኗ ግን የአሠልጣኝ አልነበረም።

አስቀመጥኩት። ዝናብ ጠብቄ ነበር። ዝናብ የለም። ልብ አየሁ፤ የደከመ፣ የሚታገል ልብ። ዙሪያውን ደግሞ ጥቁር ነገር ከቦታል፤ ሥጋው ውስጥ ያየሁት ዓይነት ጥቁር።

«ምንድን ነው?» አሉ እማማ ይርገዱ። ስክሪኑን እሳቸውም እያዩት ነው። መደበቂያ የለም።

«ውሃ ነው፣ እማማ። ልብዎን ውሃ ከቦታል። ሊዘረጋ ሲል ይጫነዋል። ትንፋሽ የሚያጥርዎ፣ መጋደም የሚከለክልዎ እሱ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንደ ፊኛው?»

«እንደ ፊኛው።»

«ልዩነቱ እዚህ ልቤ ነው ፊኛው ውስጥ ያለው።» የሕክምና ተማሪ ይህን ለመረዳት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደገምለታል። «እንግዲህ በመርፌ ይወጣል ማለት ነው» አሉ።

«ይወጣል። ዛሬውኑ ቢወጣ ነው የሚሻለው» አለች ቤዛ።

«ጾም ይፈታል?»

«በአፍ የሚገባ የለውም፣ እማማ። የሚወጣ ብቻ ነው።»

ይህ አረካቸው። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ደንግጠው ቀና አሉ። «እሱ አይውጋኝ!» ብለው በጣታቸው እኔን አሳዩ። «የፊኛውን ነገር አይቻለሁ! እሷ ትውጋኝ። አንተ ያቺን ዕቃ ያዝ።» አንቱታው መቅረቱን ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለፀዳለ ስልክ እንድደውል አዘዙኝና ከእጄ ቀሙኝ። እንዴት ትደነግጥ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። እማማ ይርገዱ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ከልለው፣ «ፀዳለ» አሉ። «ባልሽ ሥጋውን አልበላም። ቆሜ አይቻለሁ። ፊኛ አለበት።» ትንሽ ተነፈሱ። «እኔ ልቤን ውሃ ከቦታል አሉኝ። ነይ ልጄ።»

ፀዳለ መጣች። ከእኛ በላይ ልምድ ያለው የልብ ሐኪምም መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ቤዛ መርፌውን ያዘች፤ እኔ ፕሮቡን። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያን ጊዜ የፈራሁበት ሰዓት የለም። መርፌው ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ብቅ አለ፤ ከልቡ የሚለየው የጣት ውፍረት የማይሞላ ጥቁር ነው። ምስሉ ከእጄ ቢያመልጥ ቤዛ የት እንዳለች አታውቅም።

«ዶክተር፣ እጅዎን…» ብላ ጀመረችና አየችው። አርፏል። ንግግሯን አልጨረሰችም።

ውሃው መውረድ ጀመረ። ጥቁሩ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደ፤ ልቡም ቦታ እንዳገኘ ሰው ተፍታታ። እማማ ይርገዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ደረታቸውን የሞላ፣ ከጥምቀት ወዲህ ከእሳቸው ያልሰማሁትን። «ተነፈስኩ» አሉ። አለቀስኩ። ጄል ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኩ፤ ማንም አላመነኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሆስፒታል ወሬ ነው። ውሃው ተመርምሮ ምክንያቱ ታወቀ፣ መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ መድኃኒቱ እህል ስለሚፈልግ የንስሐ አባታቸው መጥተው ከስንት ክርክር በኋላ አሳመኗቸው። ደብረ ማርቆስ ያለው ልጃቸው ራሱ ወደ እኛ መጣ። ሥጋውስ? እማማ ይርገዱ ከአልጋቸው ሆነው የሆስፒታሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ድረስ ሸኝቼ እንድመለስ አዘዙኝ። ሸኘሁት። ኮልፌ ሳልፍ ሸምሱ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ጋሼ! ያ ሥጋ ዳነ ወይ?» አለኝ። ገብቼ ሁሉን ነገርኩት። ሰልፍ የያዙት ደንበኞችም እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች።

የፋሲካ ዕለት ቤታችን ሙሉ ነበር። እማማ ይርገዱ ጫማቸው ገብቶላቸዋል። ከገበታው ጫፍ ተቀምጠው ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለሉ፤ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፍቼ ተጠጋሁ። እጃቸውን መለሱት። ጉርሻውን ገልጠው አዩት፤ በአውራ ጣታቸው እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረጉት።

«ፊኛ የለበትም» አሉ። «ብላ።»